መሪውን የያዘው ሰው፦ «ኩቤርናን» ስለተባለው የግሪክ ቃል

የጥንት ግሪኮች ስለ አገዛዝ የሚናገሩባቸው ቃላት ብዙ ነበሩ፤ ከእነዚያ ሁሉ ግን እኔን ለዓመታት ይዞኝ የኖረው «ኩቤርናን» የተባለው ግስ ነው። ትርጉሙ በመጀመሪያ መርከብን መምራት፣ በተለይም በመርከብ ኋላ ሆኖ አቅጣጫ የሚሰጠውን መቅዘፊያ በእጅ ይዞ መንገድ ማስያዝ ነበር፤ ይህን የሚሠራውም ሰው «ኩቤርኔቴስ» ይባል ነበር። ቃሉ በሮማውያን አፍ «ጉበርናሬ» ሆነ፤ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ መንግሥትንና አገረ ገዥን የሚያመለክቱት ቃላትም ከዚያ ወጡ። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከዚያው ከግሪኩ ሥር፣ በሌላ መንገድ፣ ዛሬ በየዜናው የምንሰማው «ሳይበር» የሚለው ቃል ተወለደ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የዘር ሐረጉ ርዝመት ሳይሆን ቃሉ ከመርከብ ወደ ከተማ ሲሻገር ምን ይዞ እንደሄደና ምን ጥሎ እንደሄደ ነው።

ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበር ሳይታወቅ ቃሉን መረዳት አይቻልም። የጥንት የግሪክ መርከብ በኋላዋ መካከል የተተከለ አንድ መሪ አልነበራትም፤ በግራና በቀኝ ጎኗ፣ ወደ ኋላ ገደማ፣ ሁለት ሰፋፊ መቅዘፊያዎች ይታሰሩባት ነበር፤ እነርሱም «ፔዳሊያ» ይባሉ ነበር። ኩቤርኔቴሱ የእነዚህን እጀታ ይዞ ውኃው በመቅዘፊያው ላይ የሚያሳድረውን ግፊት በእጁ እያዳመጠ መርከቧን ያቀና ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አቴናውያን የባሕር ኃይላቸውን የገነቡባት «ትሪኤሬስ» የተባለችው የጦር መርከብ 200 ያህል ሰዎች ትይዝ ነበር፤ ከእነዚህም 170ዎቹ በሦስት ደርብ የተደረደሩ ቀዛፊዎች ነበሩ። ቀዛፊ ጀርባውን ለመርከቧ ፊት ሰጥቶ ስለሚቀዝፍ ወዴት እንደሚሄድ አያይም፤ በታችኛው ደርብ ያለው ደግሞ ባሕሩን ራሱን በቅጡ አያየውም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ጉልበታቸውን የሚያወጡት ከኋላ የቆመው ሰው መንገዱን ያውቃል ብለው በማመን ነው።

የዚህ ሰው ሥልጣን ግን ልዩ ዓይነት ነበር። እርሱ ራሱ አይቀዝፍም፤ ነፋሱን አያዝም፤ ብዙውን ጊዜ መርከቧም የእርሱ አይደለችም። በአቴና የጦር መርከቦቹ የከተማይቱ ንብረት ነበሩ፤ የአንዱን መርከብ የዓመት ወጪ እንዲሸፍን የሚመደበውና በስም አዛዥ የሚሆነውም «ትሪኤራርኮስ» የተባለ ባለጸጋ ዜጋ ነበር፤ እርሱ ባሕር ባያውቅ እንኳ ኩቤርኔቴሱ ያውቅለታል። ስለዚህ ኩቤርኔቴስ የሚታዘዙት ስለ ዘሩ ወይም ስለ ሀብቱ ሳይሆን ስለ ዕውቀቱ ነው። መርከቧ ብትሰጥም ደግሞ አብሮ ይሰጥማል። ቃሉን ከሌሎቹ የአገዛዝ ቃላት ሁሉ የሚለየው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው።

ሌሎቹን ቃላት አጠገቡ ብናቆማቸው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። «አርኬይን» የሚለው ግስ መጀመርንም መግዛትንም ያመለክታል፤ ቀድሞ የተነሣው፣ ከፊት የሆነው ይገዛል እንደ ማለት ነው። «ክራቴይን» ከኃይል የመጣ ነው፤ ዴሞክራሲ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ክራቶስ» ይኸው ነው፤ የሚያሳየንም ማን ማንን እንዳሸነፈ ነው። «ዴስፖዜይን» ጌታ በባሪያው ላይ ያለውን ሥልጣን ይገልጻል። እነዚህ ሁሉ በላይና በታች ባሉ ሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚናገሩ ናቸው። ኩቤርናን ግን ሦስተኛ ነገር ያስገባል፤ እርሱም ባሕሩ ነው። ገዥውም ተገዥውም በጋራ የሚጋፈጡት፣ ማንኛቸውም የማያዙት ኃይል በመካከል አለ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ የቋንቋ ሊቃውንት አልተስማሙም። አንዳንዶች በሳንስክሪት ከሚገኝ የሠረገላ ምሰሶ ስም ጋር ሊያዛምዱት ሞክረዋል፤ ድምፆቹ እንደሚገባው ስላልገጠሙ ግን ብዙዎች አልተቀበሉትም። በቆጵሮስ ግሪክኛ ቃሉ በ«ቤ» ፈንታ በ«ሜ» ይገኛል፤ እንዲህ ያለው የድምፅ መለዋወጥ ደግሞ ግሪኮች ወደ ኤጌያን ባሕር ከመድረሳቸው በፊት በዚያ ይኖር ከነበረ ሕዝብ ለተወሰዱ ቃላት ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። ባሕርን የሚያመለክተው «ታላሳ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ከቀደምቶቹ የተወረሰ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ከየብስ የመጣ ሕዝብ ባሕርንና የባሕርን ጥበብ ከነስማቸው ከባሕር ሰዎች መማሩ ለእኔ አሳማኝ ሆኖ ይታየኛል።

በሆሜር ዘንድ ቃሉ ገና በመርከብ ላይ ነው፤ ነገር ግን ወደፊት የሚያፈራው ዘር ከዚያው ተዘርቷል። በኢሊያድ 23ኛ ክፍል፣ በጳጥሮክሎስ መታሰቢያ የሠረገላ ውድድር ሊደረግ ሲል፣ ሽማግሌው ኔስቶር ልጁን አንቲሎኮስን ይመክረዋል፤ ፈረሶችህ ከሌሎቹ የዘገዩ ናቸውና ብልሃት ያስፈልግሃል ይለዋል። እንጨት ቆራጭ ከጉልበቱ ይልቅ በብልሃቱ ይበልጣል፤ ኩቤርኔቴስም ነፋስ የሚያንገላታትን ፈጣን መርከብ የሚያቀናው በብልሃት ነው ይለዋል። ብልሃት ብዬ የተረጎምሁት «ሜቲስ» የተባለው ቃል ነው፤ ይህም ከመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት ሳይሆን ሁኔታው ሲለዋወጥ አብሮ የሚለዋወጥ ንቃት ነው። በኦዲሴይ 3ኛ ክፍል ደግሞ የምኔላዎስ ኩቤርኔቴስ የሆነው ፍሮንቲስ በሱኒዮን ርእሰ ምድር አጠገብ የምትሮጠውን መርከብ መሪ በእጁ እንደያዘ ይሞታል፤ ምኔላዎስም ወደ አገሩ ለመግባት የቸኮለ ቢሆንም ባልንጀራውን ሊቀብር ጉዞውን ያቆማል። የሰውየው ስም ትርጉሙ አሳብ፣ ጥንቃቄ ማለት ነው።

ከተማን በመርከብ መመሰል የጀመረው በግጥም ነው። በሌስቦስ ደሴት በ600 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው አልካዮስ የነፋሳቱ ጠብ ግራ እንዳጋባው፣ ማዕበል ከዚህም ከዚያም እየተንከባለለ እነርሱ በጥቁር መርከብ መካከል እንደሚንገላቱ ይናገራል፤ የጥንት አንባቢዎችም ግጥሙን በከተማው ስለነበረው የሥልጣን ሽኩቻ የተነገረ አድርገው ተረድተውታል። ለ«ጠብ» የተጠቀመበት «ስታሲስ» የሚለው ቃል ግሪኮች ለእርስ በርስ ግጭት የሚጠቀሙበት ቃል መሆኑም ይህን ያጠናክራል። ቴዎግኒስ ደግሞ በመርከብ ላይ ያሉ ሰዎች በጥበብ ይጠብቃቸው የነበረውን መልካም ኩቤርኔቴስ አውርደው፣ ውኃ በሁለቱ ጎን እየገባ ሳለ ለመቅዳት እንቢ እንዳሉ ያማርራል። ቴዎግኒስ የባላባት ወገን ነበርና የሚያለቅሰው ለተሻረው መደቡ ነው፤ ሥዕሉ ግን ከእርሱ ቂም በኋላም ኖሯል።

ቃሉ ራሱ ለከተማ አስተዳደር ሲውል በግልጽ የምናገኘው በባለቅኔው በፒንዳር ነው። በ498 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለአንድ የተሰሊያ ወጣት ሯጭ ባዘጋጀው መዝሙር መጨረሻ ላይ የከተሞች «ኩቤርናሲያ» ከአባቶች እየተወረሰ በመልካም ሰዎች እጅ እንደሚኖር ይናገራል። በ470 ለሲራኩሱ ገዥ ለሂዬሮን በጻፈው መዝሙር ደግሞ ሕዝቡን በጽድቅ መሪ እንዲመራ ይመክረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው የመጀመሪያው ያስከፋኛል፤ የመርከብ ጥበብ በውርስ እንደማይተላለፍ እያንዳንዱ ዓሣ አጥማጅ ያውቃልና። ገና ከጅምሩ ባላባቶች ከቃሉ የሚፈልጉትን ክብር ወስደው ክብሩን ያስገኘውን ሞያ ትተውታል።

የአቴና ቴአትር ሥዕሉን ወደ ሕዝብ አደባባይ አወጣው። አይስኪሎስ በ467 ባቀረበው ስለ ቴቤስ ከበባ በሚናገረው ተውኔቱ መክፈቻ ላይ ንጉሥ ኤቴዎክለስ በከተማይቱ ኋላ ቆሞ መሪውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ዓይኑን ለእንቅልፍ ሳይሰጥ ለጊዜው የሚገባውን መናገር አለበት ይላል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በሶፎክለስ አንቲጎኔ ውስጥ ያለው ክርክር ነው። የቴቤስ ንጉሥ ክሬዎን ንግግሩን ሲጀምር አማልክት የከተማይቱን ነገር በታላቅ ማዕበል ካናወጡ በኋላ መልሰው አቀኑት ይላል፤ ከዚያም ሁላችንን የምታድነን ይህች መርከብ ናት እያለ የአንቲጎኔን ወንድም መቅበር የሚከለክለውን አዋጁን በዚሁ ይደግፋል። ልጁ ሄሞን መልስ ሲሰጠው የአባቱን ሥዕል አይጥልም፤ ያንኑ ይዞ ይመልስበታል። የሸራውን ገመድ አጥብቆ ይዞ ምንም የማይለቅ ሰው መርከቧን ይገለብጣታል፤ ቀሪውንም ጉዞ መቀመጫዎቹ ወደ ታች ሆነው ይጓዛል ይለዋል። ከሄሞን በፊት የነበሩት ሰዎች ሥዕሉን የተጠቀሙበት በአብዛኛው ተገዥውን ለማሳመን ነበር፤ ዝም በሉ፣ መሪ ላይ ሰው አለ ለማለት። ሄሞን ግን ለገዥው ይናገራል፤ መርከብ መምራት መያዝ ብቻ ሳይሆን መልቀቅም ነው፣ ነፋስ የሚሰጠውን ምልክት የማይሰማ እጅ የመሪ እጅ አይደለም ይለዋል። ወጣቱ አባቱን የሚወቅሰው ከአባቱ ሞያ ውስጥ ሆኖ ነው፤ በጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሥልጣን ከተነገሩት ቃላት እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ኩቤርናን በአቴና የመንግሥት ቋንቋ ውስጥ የሹመት ስም እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። ሹማምንቱ «አርኮን»፣ የጦር አለቆቹ «ስትራቴጎስ» ይባሉ ነበር፤ ሥርዓቱም «ፖሊቴይያ» ነበር። «ኩቤርኔቴስ» ብሎ በሕግ የተሾመ ባለሥልጣን አልነበረም፤ ኩቤርኔቴስ በፒሬዎስ ወደብ እጁ በጨው ውኃ የጠነከረ ሰው ነበር። እንዲያውም ይህ ሰው ለአቴና ዴሞክራሲ ከሥዕልነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ቱኪዲደስ እንደዘገበው ፔሪክለስ ከስፓርታ ጋር ጦርነት ሊጀመር ሲል ለሕዝቡ ባደረገው ንግግር ኩቤርኔቴሶቻችን የራሳችን ዜጎች ናቸው፣ ከቀረው የግሪክ ምድር ሁሉም የበዙና የተሻሉ ናቸው ብሎ ይመካል። ዴሞክራሲን የማይወድ፣ ስሙ ያልታወቀ የዚያው ዘመን ጸሐፊ እንኳ በአቴና ድሆችና ተራው ሕዝብ ከባላባቱ የበለጠ ድርሻ ማግኘታቸው ተገቢ መሆኑን ያምናል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ሕዝብ ነው፣ ለከተማይቱ ኃይል የሚሰጧት ኩቤርኔቴሶቹ፣ የቀዛፊዎቹ አዛዦችና መርከብ ሠሪዎቹ ናቸው ይላል።

እውነተኛ ኩቤርኔቴሶች በታሪክ ውስጥ ስማቸው ሲነሣ ማየት ብርቅ ነው። በ406 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ይነሣሉ። የመጀመሪያው የአቴናው የጦር አለቃ የአልኪቢያዴስ መርከብ መሪ የነበረው አንቲዮኮስ ነው። አልኪቢያዴስ ለሌላ ጉዳይ ሲሄድ የአቴናን መርከቦች በኖቲዮን ለዚህ ሰው ትቶ ከስፓርታው ሊሳንድሮስ ጋር ውጊያ እንዳይገጥም አዘዘው። አንቲዮኮስ ግን ትእዛዙን ጥሶ በጠላት መርከቦች ፊት በድፍረት አለፈ፤ ውጊያም ተነሣ፤ ክሴኖፎን እንደሚለው አቴናውያን 15 መርከቦች አጡ፤ አልኪቢያዴስም በዚህ ምክንያት ከሥልጣን ወርዶ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀረ። ሁለተኛው ሄርሞን የተባለ የሜጋራ ሰው ነው፤ የስፓርታው አዛዥ የካሊክራቲዳስ ኩቤርኔቴስ ነበር። በአርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ የአቴና መርከቦች በቁጥር እጅግ እንደሚበልጡ አይቶ ብንሸሽ ይሻላል ብሎ መከረ። ካሊክራቲዳስ እኔ ብሞት ስፓርታ የከፋ አትሆንም፣ መሸሽ ግን አሳፋሪ ነው ብሎ መለሰ፤ በዚያው ውጊያም ከመርከብ ወድቆ ጠፋ፤ ስፓርታውያንም ተሸነፉ። አንድ ላይ ሲታዩ እነዚህ ሁለት ታሪኮች ከብዙ ፍልስፍና የሚበልጥ ነገር ይነግሩናል። መርከብ መምራትን የሚያውቅ ሰው የጦር ሠራዊትን መምራት ያውቃል ማለት አይደለም፤ ዕውቀት ያለው ሰው በአጠገቡ ቢኖርም ውሳኔው በሌላ እጅ ከሆነ መርከቧ አትድንም።

ፕላቶ በዚያ ዘመን ወጣት ነበር፤ ከተማው ስትሸነፍና መምህሩ ሶቅራጥስ በ399 ሲገደል አይቷል። ስለዚህ ሥዕሉን ሲወስደው በልቡ ቁስል ነበር። በሬፑብሊክ 6ኛ መጽሐፍ የሚተርከው በጣም የታወቀ ነው። የመርከቧ ባለቤት በቁመቱና በጉልበቱ ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ጆሮው የደነዘ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ስለ ባሕርም እምብዛም የማያውቅ ሰው ነው፤ ይህም የአቴና ሕዝብ ነው። መርከበኞቹ ሞያውን ሳይማሩ፣ እንዲያውም የሚማሩት ሞያ አይደለም እያሉ፣ መሪውን ስጠን ብለው ባለቤቱን ይጨቀጭቁታል፤ እርስ በርስ ይጋደላሉ፤ ባለቤቱንም በመጠጥ ወይም በመድኃኒት አደንዝዘው ስንቁን እየበሉና እየጠጡ ይጓዛሉ። ስለ ዓመቱና ስለ ወቅቱ፣ ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት፣ ስለ ነፋሳት የሚያጠናውን እውነተኛ ኩቤርኔቴስ ደግሞ ከዋክብት ቆጣሪ፣ ለፍላፊ፣ የማይጠቅም ይሉታል። እውነተኛው ኩቤርኔቴስም መርከበኞቹን በእኔ ተገዙ ብሎ መለመን እንደማይገባው ፕላቶ ይጨምራል።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የትረካው ኃይል አሁንም ይገዛኛል። ነገር ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ። ኩቤርኔቴስ ወደ ግብፅ እንዴት እንደሚደረስ ያውቃል፤ ወደ ግብፅ መሄድ ይገባን ወይም አይገባን እንደሆነ ግን ዕውቀቱ አይነግረውም፤ ይህን የሚወስኑት የተሳፈሩት ናቸው። ፕላቶ ይህን አይስተውም ነበር፤ ራሱ ጎርጊያስ በተባለው ውይይት ውስጥ በሶቅራጥስ አፍ ተናግሮታልና። በዚያ ኩቤርኔቴሱ ሰውን ከነልጆቹ፣ ከነሚስቱና ከነንብረቱ ከግብፅ ወይም ከጥቁር ባሕር በሰላም አምጥቶ ሁለት ድራክማ ብቻ ይቀበላል፤ በአቴና አቅራቢያ ካለችው ከኤጊና ደሴት ከሆነ ደግሞ ሁለት ኦቦል፣ ማለትም የአንድ ድራክማ ሲሶ ብቻ። ከዚያም ወርዶ በመርከቡ አጠገብ በትሕትና ይመላለሳል፤ ምክንያቱም በባሕር እንዳይሰጥሙ ካደረጋቸው ሰዎች ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ አያውቅም፤ በማይድን የነፍስ ወይም የሥጋ በሽታ የሚሠቃይ ሰው ከሞት ቢተርፍ መትረፉ ለእርሱ ጥቅም ላይሆን ይችላልና። እንግዲህ የመርከብ ጥበብ መልካሙ ሕይወት ምን እንደሆነ የማያውቅ ጥበብ ከሆነ፣ የከተማን አገዛዝ በእርሱ አምሳል ለአንድ ባለሞያ መስጠት በጎርጊያስ የተነገረውን መርሳት ነው። የፕላቶን ውበት እያደነቅሁ በዚህ ነጥብ ላይ ልከተለው አልቻልሁም። ፕሮታጎራስ በተባለው ውይይትም ሶቅራጥስ አቴናውያን ስለ መርከብ ሥራ ሲመክሩ ባለሞያ ይጠራሉ፣ ስለ ከተማይቱ አስተዳደር ሲሆን ግን አናጺውም ጫማ ሰፊውም ነጋዴውም እኩል ይነሣል ብሎ ይናገራል፤ በዚህ አሠራር አቴናውያን የተሳሳቱ አይመስለኝም።

አርስቶትል ጉዳዩን በተረጋጋ አእምሮ ያየዋል። መርከበኞች አንዱ ቀዛፊ፣ አንዱ ኩቤርኔቴስ፣ አንዱ ጠባቂ ሆነው ተግባራቸው ቢለያይም የሁሉም የጋራ ሥራ የጉዞው ደኅንነት እንደሆነ ይናገራል፤ ዜጎችም እንዲሁ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ አቴናን አዛዥ በሌላት መርከብ ይመስላታል፤ ማዕበል ወይም ጠላት ሲያስፈራቸው መርከበኞቹ ተስማምተው ለኩቤርኔቴሱ ይታዘዛሉ፣ ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን አንዱ ሸራውን ሲዘረጋ ሌላው ይጠቀልለዋል፤ ታላቁን ባሕር ተሻግረው ወደብ አፍ ላይ ይሰበራሉ ይላል።

የፍጥረት ፈላስፎችም ቃሉን ወስደውታል። ሄራክሊተስ ሁሉን በሁሉ የሚመራውን አሳብ ማወቅ ጥበብ ነው ሲል፣ ፓርሜኒዴስም ሁሉን የምትመራ አምላክ በመካከል እንዳለች ሲናገር የተጠቀሙት በዚሁ ግስ ነው። ከዚህ መንገድ ቃሉ ወደ ሃይማኖት ገባ። ዕብራይስጡ መጽሐፍ በግሪክኛ ሲተረጎም በመጽሐፈ ምሳሌ 11፥14 ኩቤርኔሲስ የሌላቸው እንደ ቅጠል ይወድቃሉ ተባለ። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥28 እግዚአብሔር ለቤተ ክርስቲያን የሰጣቸውን ስጦታዎች ሲዘረዝር «ኩቤርኔሲስ»ን ይጠቅሳል፤ በብዙዎቻችን እጅ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን «አገዛዝ» ብሎ ተርጉሞታል። እኔ ግን ለቃሉ የሚቀርበው «መምራት» ይመስለኛል፤ በአማርኛችን «መሪ» የሚባለው ሰውየውም በእጁ የያዘው ዕቃም ነውና። በግእዙም ይኸው ሥዕል አለ፤ በቅዳሴ ጸሎት እግዚአብሔር «ሐዳፌ ነፍስ» ተብሎ ይጠራል፤ የነፍስን መርከብ የሚቀዝፍ፣ የሚያቀና ማለት ነው።

ቃሉ ለአክሱም ምድር እንግዳ እንዳልነበረም መገመት አያዳግትም። በ1ኛው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መርከብ መምሪያ ስለ አዱሊስ ወደብ ይናገራል፤ የአካባቢው ንጉሥ ዞስካለስም የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ እንደነበር ይመሰክራል። ይኸው መጽሐፍ የወደቦቹን አቀማመጥና የባሕሩን ቅርጽ አስተውሎ ወደ ሕንድ በክፍት ባሕር የሚያሻግረውን መንገድ ያገኘውን ሂፓሎስን «ኩቤርኔቴስ» ብሎ ይጠራዋል።

ወደ ሮም ሲሻገር የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ከ«ከ» ወደ «ገ» ተለወጠ፤ ይህም ምናልባት በጥንቷ ጣሊያን የሮማውያን ጎረቤቶች በነበሩት በኤትሩስካውያን በኩል ስለመጣ ነው የሚሉ አሉ። ሲሴሮ ስለ እርጅና በጻፈው ውስጥ ሌሎች በምሰሶ ላይ ሲወጡ፣ ሌሎች ሲሯሯጡ፣ ሌሎች ውኃ ሲቀዱ፣ ኩቤርኔቴሱ መሪውን ይዞ በኋላ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቃሉ እየጠነከረ ሄዶ ባሕሩ ጠፋ። «ጉበርናቶር» የተባለው ሰው መሪ የያዘ ሳይሆን ደብዳቤና ማኅተም የያዘ፣ ርቆ ካለ ንጉሥ የተላከ ሹም ሆነ፤ ግዛቱ ቢጠፋ እርሱ በሌላ መርከብ ይመለሳል። ቃሉ በታሪኩ ካጣቸው ነገሮች ሁሉ የከበደው ይህ ይመስለኛል፤ አብሮ መስጠሙን አጣ።

የጠፋውን አንዱን ክፍል የመለሱት፣ የሚገርመው፣ መሐንዲሶች ናቸው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ለእንፋሎት ሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አበጀ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ወደ ላይ እየተነሡ የእንፋሎቱን በር ያጠባሉ፣ ሲዘገይ ይወርዱና በሩን ያሰፋሉ። መሣሪያው በእንግሊዝኛ የተሰየመው ከዚያው ከላቲኑ በወጣው፣ አገረ ገዥን በሚያመለክተው ቃል ነበር፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌልም እ.ኤ.አ. በ1868 ስለ አሠራሩ የሒሳብ ጽሑፍ አወጣ። ፈረንሳዊው አምፔር ደግሞ ሳይንሶችን ሲመድብ ለመንግሥት አስተዳደር ጥበብ ከግሪኩ ቃል የተወሰደ ስም አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር «ሳይበርኔቲክስ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትም ስሙን የወሰደው ከኩቤርኔቴስ እንደሆነ፣ በዚህም የማክስዌልን ጽሑፍ እንዳከበረ፣ የመርከብ መሪ ሞተሮችም ከቀደምቶቹና በሚገባ ከዳበሩት የግብረ መልስ መሣሪያዎች መካከል እንደሆኑ ገልጿል። ዊነር የሚለው መሪ መንገዱን ሲጀምር አንድ ጊዜ የሚያዝ አይደለም፤ መርከቧ በያንዳንዱ ቅጽበት ከመንገዷ ምን ያህል እንደራቀች እያየ ያቀናል፤ መቼም ፍጹም ቀጥ ብላ አትሄድም፤ የምትደርሰው በማያቋርጥ መታረም ነው። ኔስቶር ለልጁ «ሜቲስ» ያለው፣ ሄሞንም አባቱን የለመነው ይህንኑ ነበር። ዛሬ «ሳይበር» ስንል ከኮምፒውተርና ከመረብ ደኅንነት በቀር ምንም አይታሰበንም፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ወደ መርከቡ ኋላ የተመለሰው በዚህ በኩል ነው።

በግሪክ ምድር ደግሞ ቃሉ ቀድሞ ያልነበረውን ሹመት በአዲሱ ዘመን አግኝቷል። ግሪኮች ከኦቶማን ቱርኮች አገዛዝ ነጻ ለመውጣት ሲዋጉ እ.ኤ.አ. በ1827 ኢዮአኒስ ካፖዲስትሪያስን የአገሪቱ «ኪቬርኒቲስ» አድርገው መረጡት፤ ቃሉ በዘመናዊው ግሪክኛ የሚነገረው እንዲህ ነው። ማዕከላዊ ሥልጣንን አጥብቆ የያዘ፣ ከአካባቢ ባላባቶች ጋር የተጋጨ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1831 በናፍፕሊዮ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ገደሉት። ከዚያ በኋላ ስያሜው ለአገር መሪ መጠሪያነት አልጸናም፤ የዛሬው የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር በሌላ ስም ይጠራል። «ኪቬርኒሲ» መንግሥት ማለት ሆኖ ቀርቷል፤ ሕጎች የሚወጡበት የአገሪቱ ነጋሪት ጋዜጣም በዚሁ ስም ይጠራል። «ኪቬርኒቲስ» የሚባሉት ግን ዛሬ በአብዛኛው የጦር መርከብ አዛዦችና የአውሮፕላን ካፒቴኖች ናቸው።